ምን ብሎ ተናገረ?

17 ዓመቴ ነበር። በሰፈራችን ከእኔ በሁለት ዓመት የሚበልጥ፣ በመዝሙር ቡድናችን ከበሮ የሚመታ ልጅ ነበር። ከዚያ ቀዘቀዘ። መጀመሪያ ከልምምድ ቀረ፤ ቀጥሎ ከእሁድ አምልኮ ቀረ፤ በመጨረሻ ኳስ የሚያሳዩበት ቤት በር ላይ ቁጭ ብሎ፣ ስናልፍ ሰላም የሚለን ሰው ሆነ። እኛም ስሙን የጸሎት ርእስ በምንጽፍበት ደብተር ላይ አሰፈርነው። በሚያዝያ ወር አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከእርሻ ሲመለስ ዝናብ ያዘው። ሜዳው መካከል ለብቻው የቆመ ዝግባ ሥር ተጠለለ። መብረቅ መታው።

ለቅሶ ቤት፣ ድንኳኑ ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን፣ ከጎኔ ላለው ልጅ «ጌታ ተናገረ» አልኩት። ሌላ ምንም አላልኩም። በየጸሎት ምሽቱ የምንለው ቃል ስለሆነ ከአፌ ለመውጣት አልከበደውም። በሹክሹክታ ነበር ያልኩት፤ የለቅሶ ቤት ጆሮ ግን ሹክሹክታም አያመልጠውም። ከአንድ ወር በኋላ እናቱ ከገበያ ስመለስ መንገድ ላይ አገኙኝ። አልተቆጡም። «ጌታ ተናገረ ብለሃል አሉ» አሉኝ። «ምን ብሎ ተናገረ?»

«እትዬ፣ እኔ እኮ…» ብዬ እዚያው ቀረሁ።

ከዓመታት በኋላ የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ገብቼ ዕብራይስጥ መማር ስጀምር ይህ ጥያቄ አብሮኝ ገባ። ዕብራይስጥ ለእኛ ሩቅ ቋንቋ እንዳልሆነ የተረዳሁት በመብረቅ ነው። በዕብራይስጥ መብረቅ «ባራቅ» ይባላል፤ የእኛው «በረቀ» ነው። ከዲቦራ ጋር የዘመተው ባርቅ ስሙ መብረቅ ማለት ነው። (መብረቅ ተብሎ ተሰይሞ፣ ዲቦራ ካልሄደች አልሄድም ያለ ሰው መሆኑ ክፍሉን ሁሉ አስቆናል።) ነጎድጓድ ደግሞ በብዙ ቦታ «ቆሎት» ነው። መምህራችን «ቆሎ አይደለም» እያለ ያስተምረን ነበር። «ቆሎት» የ«ቆል» ብዙ ቁጥር ነው፤ «ቆል» ድምፅ ማለት ሲሆን የእኛ «ቃል» ወንድም ነው። እንግዲህ በዘጸአት 19 ሕዝቡ በሲና ተራራ ሥር ሲንቀጠቀጥ ዕብራይስጡ ነጎድጓዱን «ድምፆች» ይለዋል፤ ከድምፆቹም ጋር መብረቆች ነበሩ። ያን ቀን ግን ሕዝቡ ከብልጭታው ብቻ ምንም አልተማረም። በሚቀጥለው ምዕራፍ እግዚአብሔር በግልጽ ተናገረ፤ ትእዛዙንም ሰጠ። መብረቁ ሰውን አስፈራ፤ ያስተማረው ቃሉ ነው።

ይህን ካየሁ በኋላ መብረቅ የሚለውን ቃል በየመጽሐፉ እየፈለግሁ ማንበብ ጀመርኩ። በግልጽ ልናገር፤ የምፈልገው እትዬ የማይጠሉትን መልስ ነበር። ስለዚህ የማይመቹኝን ክፍሎች መዝለል አምሮኝ ነበር። የማይመቹ ደግሞ አሉ። በመዝሙር 18 መብረቅ የዳዊትን ጠላቶች የሚበትን ፍላጻ ነው። በመዝሙር 144 ያንኑ ይለምናል። በዘኍልቍ 16 ዕጣን ያቀረቡትን 250 ሰዎች እሳት በላቻቸው፤ ናዳብና አብዩድም በእሳት ሞቱ። የለም ብዬ ልዋሽ አልችልም።

ደጋግሜ ሳነብ ግን ሁለት ነገር አየሁ። ዳዊት መብረቁን የሚጠቅሰው የዳነ ሰው ሆኖ ነው፤ ስለ አዳኙ ይዘምራል እንጂ ስለ አንድ ጎረቤት ሬሳ ትርጉም አይሰጥም። በታሪኩ ውስጥ በመብረቅ ሞተ የተባለ ጠላት አላገኘሁም፤ ሳኦል እንኳ በጊልቦዓ በገዛ ሰይፉ ላይ ወድቆ ነው የሞተው። እሳቱ በወረደባቸው ታሪኮች ደግሞ ሙሴ እዚያው ቆሟል፤ አስቀድሞ ወይም ወዲያው እግዚአብሔር ያለውን ይናገራል። ቃል አለ። በእኛ ሜዳ ላይ ማን ቆሞ ነበር? በማግስቱ ድንኳን ውስጥ አግዳሚ ላይ የተቀመጥኩት እኔ ብቻ።

የእስራኤል ጎረቤቶች መብረቅን እንዴት ያዩት እንደነበር ማወቅም ጠቅሞኛል። በሶርያ የባሕር ዳርቻ፣ በጥንታዊቷ ኡጋሪት በ1932 በቁፋሮ የተገኘ የድንጋይ ሐውልት አለ፤ ዛሬ ፓሪስ በሉቭር ሙዚየም ይታያል። በኣል በአንድ እጁ ዱላ አንሥቶ፣ በሌላው ጫፉ እንደ ቅርንጫፍ ወደ ላይ የሚወጣ ጦር ይዞ ቆሟል። ይህ ጦር የእርሱ መብረቅ ነው ይላሉ። ዝናብም መብረቅም የእርሱ ነበር ማለት ነው። ይህን ይዘን የቀርሜሎስን ታሪክ ብናነብ ነገሩ ይጠነክራል፤ የመብረቅ ጌታ ነኝ የተባለው ዝናብ መስጠት አቃተው፤ ከሰማይ እሳት ሲለምኑትም ዝም አለ። የኤልያስ አምላክ እሳት የወረደውም በሰው ላይ ሳይሆን በመሠዊያው፣ በእንጨቱ፣ በድንጋዩና በውኃው ላይ ነው። ከዚያም ዝናቡ መጣ። መዝሙር 135ም እግዚአብሔር ለዝናቡ መብረቅን እንደሚሠራ ይናገራል። በጎረቤት አገር ጌታ የተባለው ነገር በእስራኤል ዝናብ የሚያጅብ ሠራተኛ ነው።

በመጨረሻ ኢዮብ ላይ ደረስኩ፤ ከዚያም አላለፍኩም።

በኢዮብ 1 አንድ መልእክተኛ እየሮጠ ይመጣል። የእግዚአብሔር እሳት ከሰማይ ወድቃ በጎቹንና ጠባቂዎቹን በላች ይላል። ስሙን የሰጠው መልእክተኛው ነው፤ እኛ አንባቢዎቹ ግን እርሱ ያልሰማውን በሰማይ የተደረገ ንግግር ሰምተናል። ጠባቂዎቹ ምን እንዳጠፉ አልተጻፈም። ኢዮብም ያ ሁሉ የደረሰበት ስለ ኃጢአቱ እንዳልነበረ ከመጀመሪያው ተነግሮናል። ከዚያ ወዳጆቹ መጡ። ሰባት ቀን ዝም ብለው አብረውት መሬት ላይ ሲቀመጡ እንዴት ያሉ ጥሩ ለቀስተኞች ነበሩ! ክፋቱ አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። በምዕራፍ 8 በልዳዶስ፣ ልጆችህ በድለው ይሆናል፤ ለዚህ ነው የሞቱት የሚል ነገር ለአባትየው ይነግረዋል። ይህን ሳነብ መጽሐፉን ዘጋሁት። ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ የእኔ ድምፅ፤ ሁሉም እዚያ ነበር።

ኤሊሁ እንኳ፣ ንግግር የማያልቅበት ያ ወጣት (እኛን የሚመስለን እርሱ ነው)፣ ስለ ማዕበል ሲናገር ይጠነቀቃል። ደመናው ለተግሣጽ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ለምድሪቱ፣ ወይም ለምሕረት። ሦስት በር ከፍቶ ይተወዋል። እኔ አንዱን ብቻ ከፍቼ ሌሎቹን ቆልፌያቸው ነበር።

ከዚያ እግዚአብሔር ራሱ በዐውሎ ነፋስ ውስጥ ሆኖ ይናገራል፤ በምዕራፍ 38ም ስለ መብረቅ ይጠይቃል። ኢዮብ መብረቆችን ቢልካቸው ይሄዱለት እንደሆነ፣ እነርሱም «ሂኔኑ» ይሉት እንደሆነ። «ሂኔኑ» ማለት እነሆ፣ እዚህ ነን ማለት ነው። አብርሃም ሲጠራ፣ ሙሴ በቍጥቋጦው ፊት፣ ብላቴናው ሳሙኤል በሌሊት፣ ኢሳይያስ በመቅደስ «ሂኔኒ»፣ እነሆኝ ያሉት ያው ቃል ነው፤ በብዙ ቁጥር ሲሆን ነው «ሂኔኑ» የሚሆነው። በዕብራይስጡ መጽሐፍ መብረቅ አፍ ተሰጥቶት ሲናገር ያገኘሁት እዚህ ብቻ ነው። የሚናገረውም አንድ ቃል ነው፤ ያንንም የሚናገረው ለላከው ነው። ወደ ታች፣ ወደ እኛ ዞሮ ስለ አንድ ልጅ ነፍስ የሚለው የለም።

ኢዮብም ለምን እንደደረሰበት አልተነገረውም። ወዳጆቹ ግን ስለ እግዚአብሔር ቅን ነገር እንዳልተናገሩ ተነግሯቸዋል፤ መሥዋዕት አቅርበው ኢዮብ እንዲጸልይላቸውም ታዘዋል። ለእኔ ከባዱ ይህ ነው። ይቅርታው የሚገኘው ከተናገሩበት ሰው ቤት ነው።

በዚያው ዓመት በክረምት ዕረፍት አገሬ ገባሁ። እትዬ ቤታቸው ደጃፍ ላይ በቆሎ ይፈለፍሉ ነበር፤ ሰማዩ ጠቁሯል። ተቀመጥኩና አብሬያቸው ፈለፈልኩ። ከዓመታት በፊት የጠየቁኝን ያስታውሱ እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«እንዴት እረሳለሁ?» አሉ።

«ጌታ ስለ ልጅዎ ምን እንዳለ እኔ አልሰማሁም፣ እትዬ። የተናገርኩት እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ። ይጸልዩልኝ።»

ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። በስተ ምሥራቅ ብልጭ አለ፤ ልጆች ሳለን እንደምናደርገው ሳላስበው መቁጠር ጀመርኩ። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመጓዝ ሦስት ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ዘጠኝ ላይ ስደርስ ነጎደ። እርሳቸውም ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር፤ ይቁጠሩ ይጸልዩ አላወቅሁም።

ልሄድ ስነሣ እጄን ያዙኝ። «እስኪያባራ ተቀመጥ» አሉኝ። «መሄድህ ካልቀረ ደግሞ ዛፍ ሥር እንዳትቆም።»