ሰማያዊቷ ሰርቨር

ኮባልት ኪዩብ የምትባለው ሰርቨር ቢሮአችን የገባችው እ.ኤ.አ. በ1999 መገባደጃ ላይ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ፣ አራት ሆነን የሐበሻውን ግብር እንሠራለን፣ የአውሮፕላን ትኬት እንቆርጣለን። የቢሮው ባለቤት እትዬ የምንላቸው የወልድያ ሴት ናቸው፤ እኔ የመርሳ ልጅ ነኝ። ያኔ ሰርቨር ሲባል የምናውቀው የራሱ ክፍልና የራሱ ባለሙያ ያለውን ማሽን ነበር። ይቺ ግን በየጎኗ 18 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነች ሰማያዊ ሳጥን ናት። እትዬ ዙሪያዋን አይተው፣ «የኔ ጌታ፣ ያን ሁሉ የምትሠራው ይቺ ናት?» አሉኝ።

ስክሪን የላትም፣ ኪቦርድም የላትም። ከጀርባዋ ሁለት መስመር ብቻ የምታሳይ መስኮትና ጥቂት ቁልፎች አሉ። የኔትወርክ አድራሻዋን በቁልፎቹ አሃዝ በአሃዝ ሞላሁ፤ የቀረውን ከራሴ ኮምፒዩተር በብራውዘር ጨረስኩት። ውስጧ ሊኑክስ ነው፤ እኔ ሊኑክስ አልችልም ነበር፣ መቻልም አላስፈለገኝ። ማታ ስንዘጋ አራታችንም በየስማችን ኢሜይል ነበረን። ደስ ያለኝ ግን ሌላው ነው፦ የውጭው መስመር ቢቋረጥ እንኳ የደንበኞቻችን ፋይል ከእኛው ጋር ነው፣ እርስ በርስም እንጻጻፋለን።

እኔ የመስመርን ነገር አውቃለሁ። እናቴን በስልክ ለማግኘት አስቀድሞ መልእክት መላክ ግድ ነበር። ከሀብሩ ገጠር ተነስታ መርሳ ቴሌ ድረስ በእግሯ ትመጣለች፤ መስመሩ እምቢ ካለ ድምፄን ሳትሰማ ትመለሳለች። ስለዚህ ሳጥኗን ባየሁ ቁጥር ሐሳቤ መርሳ ነበር፤ ትምህርት ቤቱ፣ ገበሬ ማኅበሩ፣ ባለሱቁ።

በ2000 ሰን ማይክሮሲስተምስ የተባለው ትልቅ የኮምፒዩተር ድርጅት የሳጥኗን ሠሪ ኩባንያ ኮባልትን በ2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሊገዛ ተስማማ። ትልቅ አሳዳጊ አገኘች ብለን ደስ አለን። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ምርቷን አቆመው። ለትንሽ ቢሮ ታስቦ የተሠራ ዕቃ በትልቅ ድርጅት እጅ እንዲያ መቅረቱ ዛሬም ያንገበግበኛል።

በ2021 የሰሜኑ ጦርነት ወልድያ ሲገባ ስልኩም ኢንተርኔቱም ጠፋ፤ ወራት በጭንቅ አለፉ። መስመሩ ከተመለሰ በኋላ መርሳ ኮምፒዩተር ለሚያስተምር ወጣት ዘመዴ ስለዚያች ሰማያዊ ሳጥን አወራሁት። ዛሬ ከመዳፍ የማትበልጥ ርካሽ ኮምፒዩተር ያንኑ ሥራ ትሠራለች፤ የተማሪዎቹን መጻሕፍት ጭነህ ያለ ኢንተርኔት አካፍላቸው አልኩት።

«ጋሼ፣ መብራት ሲሄድስ?» አለኝ።

ቀሪውን ሰዓት ስለ ባትሪና ስለ ሶላር ስንነጋገር አመሸን።