አለቃ የሌለው ሰው ፈቃድ

በ2024 ማርች ላይ የሚኒያፖሊስ ከተማ ምክር ቤት ለኡበርና ለሊፍት ሾፌሮች ዝቅተኛ ክፍያ ደነገገ። ከንቲባው ጄኮብ ፍሬይ ውድቅ አደረጉት፣ ምክር ቤቱ ደግሞ የእሳቸውን ውሳኔ በድምፅ ሻረው። ሁለቱ ካምፓኒዎች ከሜይ 1 ጀምሮ ከከተማው እንወጣለን አሉ፤ ቆይተው ቀኑን ወደ ጁላይ 1 ገፉት። በእነዚያ ሳምንታት ኤርፖርቱ አጠገብ ተራ በምንጠብቅበት ቦታ ሌላ ወሬ አልነበረም። ገሚሱ «ማስፈራሪያ ነው፣ የትም አይሄዱም» ይላል፤ ገሚሱ የትራክ መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ትምህርት ቤቱ ስንት እንደሚያስከፍል ያጠያይቃል። ሳይደናገጡ ቡናቸውን የሚጠጡት ጥቂቶች ነበሩ። እነሱም በሥራ ከሁላችንም የሚበልጡ ሆነው አይደለም። የሁለት ሦስት ወር የቤት ኪራይና የመኪና ክፍያ አስቀምጠዋል፣ በቃ።

ነገሩ በሜይ መጨረሻ በሚኒሶታ ስቴት ሕግ ተቋጨ፤ ካምፓኒዎቹም አልወጡም። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ እረፍትንና ቁጠባን ለይቼ ማየት ትቻለሁ። እንደኛ አለቃ ለሌለው ኮንትራክተር ያስቀመጠው ገንዘብ ማለት ገና ያልወሰደው ፈቃድ ነው። ከዚህ በታች ያለው እዚሁ ሚኒያፖሊስና አካባቢዋ እየነዳሁ የለመድኩት ነው፤ የሒሳብ ባለሙያ ምክር አይደለም።

«ስንት ሠራህ?» ለሚለው ጥያቄ አለመቸኮል

ተራ ስንጠብቅ የመጀመሪያው ጥያቄ ይሄ ነው። «ዛሬ 250 መታሁ» ይላል አንዱ። መቶ ዘጠናውን ያገኘው አንገቱን ይደፋል። ባለ 250ው ስንት ማይል እንደነዳ የሚጠይቅ ግን የለም። 200 ማይል ነድቶ ነው እንበል። የታክስ መሥሪያ ቤቱ አይ አር ኤስ በ2025 ለሥራ ለተነዳ ለእያንዳንዱ ማይል 70 ሳንቲም ወጪ ይቀበል ነበር፤ ነዳጁን፣ ጎማውን፣ ኢንሹራንሱን፣ የመኪናውን ማርጀት ሁሉ ጠቅልሎ ማለት ነው። በዚያ ስሌት 140 ዶላሩ የመኪናው ነው። ለሰውየው የቀረው 110 ነው፤ ከእሱም ላይ ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር 15.3 በመቶ ገደማ ይነሳል። ደሞዝተኛ ግማሹን አሠሪው ይከፍልለታል፤ እኛ ዘንድ አሠሪውም ሠራተኛውም አንድ ሰው ነው።

ከ2024 ዲሴምበር ጀምሮ የስቴቱ ሕግ በማይል 1.28 ዶላር፣ በደቂቃ 31 ሳንቲም ዝቅተኛ ክፍያ ደንግጓል። ጥሩ ነው፣ ብዙ ሰው የደከመበት ነው። ግን ይህ ሒሳብ የሚቆጥረው ተሳፋሪ መኪና ውስጥ እያለ ነው። ሴንት ክላውድ ሰው አድርሰን በሀይዌይ 94 ባዶአችንን ስንመለስ የሚቆጥርልን የለም። ስለዚህ ገቢዬን የማሰላው ከቤት ከወጣሁበት እስከ ገባሁበት ባለው ሰዓት ልክ ነው። እንዲህ ሲሰላ አንዳንድ «ጥሩ» ቀን ቤት ተኝቶ ከመዋል ብዙም አይሻልም። ይህን ማወቅ ለእረፍት ድፍረት ይሰጣል።

የማይሉ ደብተር

በመኪናው በር ኪስ ውስጥ ትንሽ ደብተር አለች። ጠዋት ስነሳ የመኪናውን ማይል፣ ማታ ስቆም ደግሞ እሱኑ እጽፋለሁ። ካምፓኒው በዓመቱ መጨረሻ የሚልከው የማይል ቁጥር ብዙ ጊዜ ሙሉውን አይሸፍንም። ይኸው ነው።

የታክስ ቀኖችና በዓላቶቻችን

ታክሳችንን በየጊዜው ራሳችን ነው የምንልከው፤ ኤፕሪል 15፣ ጁን 15፣ ሴፕቴምበር 15 እና ጃንዋሪ 15። ይህን ካላንደር ያወጣው ሰው አበሻ ቢሆን ኖሮ ጠላታችን ነው እንል ነበር። ሴፕቴምበር 15 እንቁጣጣሽ ባለፈ በአራተኛው ቀን ነው። ጃንዋሪ 15 ገናና ጥምቀት መሐል ይገባል። ኤፕሪል 15 ፋሲካን ይጠጋል፤ በ2025 ጭራሽ ሰሙነ ሕማማት ውስጥ ዋለ። በግ የሚታረድበት፣ ለእናት የሚላክበት፣ የልጆች ልብስ የሚገዛበት ወቅት ሁሉ የመንግሥት እጅም የሚዘረጋበት ነው። ጁን 15 ብቻ ነው የሚያዝንልን።

መፍትሔው ቀላል ቢሆንም አሰልቺ ነው። ሳምንታዊ ክፍያ እንደገባ የተወሰነውን መቶኛ ወደ ሌላ ባንክ አሻግረዋለሁ፤ ሌላ ሒሳብ ሳይሆን ሌላ ባንክ፣ ያውም ካርዱ ኪሴ የማይገባ። ዘመድ ደውሎ ሲቸግረው ያንን ገንዘብ እንዳለኝ አልቆጥረውም። የኔ አይደለማ።

እቁብ ለምን እንደሚሠራ፣ የት ላይም እንደማይሠራ

እዚህ የተወለዱት ልጆቻችን እቁብ ወለድ አይከፍልም ብለው ይስቃሉ። እውነታቸውን ነው። ነገር ግን ባንክ ማንንም «ወንድሜ፣ ዛሬ እኮ ቀኑ ነው» ብሎ አይደውልም፤ የእቁብ ዳኛ ይደውላል። ገቢው እንደ አየሩ ለሚለዋወጥ ሰው ይህ ስልክ ከወለድ ይበልጣል። የኛ እቁብ ሾፌሩንም፣ ነርሲንግ ሆም የምትሠራውንም፣ ዴይኬር የከፈተችውንም ይዟል። ዕጣው ይወጣል፤ የቸገረው ሰው ግን ባለዕጣውን ለምኖ ይለዋወጣል። እኔ በየዓመቱ የምለምነው የዲሴምበሩን ነው፤ ወደ ምክንያቱ በኋላ እመጣለሁ።

ታክስ ግን እቁብ ውስጥ አይገባም። ዕጣው ለማን በየትኛው ወር እንደሚወጣ ማንም አያውቅም፣ አይ አር ኤስ የሚጠብቅበትን ቀን ግን ሁሉም ያውቀዋል። እድርም እንደዚሁ ለብቻው ነው፤ መዋጮው ትንሽ ስለሆነ ሥራ ሲቀዘቅዝ እሱን ለማቋረጥ የሚቃጣው ሰው አይጠፋም። አስከሬን አገር ቤት ለመላክ ስንት እንደሚወጣ ያየ ሰው አይቃጣውም።

የትኛው ቀን ነው እረፍት?

ሥራ የሚቀዘቅዘው ሰኞና ማክሰኞ ስለሆነ ብዙ ሾፌር በእነዚህ ቀኖች ያርፋል። ሒሳቡ ልክ ነው። ነገር ግን ማክሰኞ ልጆች ትምህርት ቤት፣ ሚስት ሥራ ናቸው፤ ሰውየው ባዶ ቤት ውስጥ ስልኩን ያያል፣ ትንሽ ቆይቶም «ለምን ትንሽ አልነዳም» ብሎ አፑን ይከፍታል። እኔ ማክሰኞን ለዘይት ቅየራ፣ ለሐኪም ቀጠሮና ለወረቀት ሰጥቻታለሁ። እረፍቴ እሁድ ነው፤ ቤተክርስቲያን፣ ምሳ፣ ከዚያ እንቅልፍ። የእሁድ ማታ የኤርፖርት ሥራ ጥሩ እንደሆነ አውቃለሁ። ያ ገንዘብ የእረፍቴ ዋጋ ነው፣ ከፍዬዋለሁ። ባለቤቴ ሲመሽ ወደ ስልኩ ሳይ «ዕዳ አለብህ እንዴ?» ትለኛለች፤ ከሌለብኝ መልሼ አስቀምጠዋለሁ።

ገቢን ዜሮ አለማድረግ

አንዴ ታክስ የምትሠራልን ልጅ ቢሮ ተራ ስጠብቅ አንድ ጋሼ ከፊቴ ነበሩ። ስልሳን ተሻግረዋል።

«ልጄ፣ ምንም እንዳልከፍል አድርጊልኝ» አሏት።

«ጋሼ፣ ማድረግስ ይቻል ይሆናል» አለች፣ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳታነሳ፤ «ክሬዲትዎ ስንት ደርሷል?»

ጋሼ የባንክ ክሬዲት መስሏቸው «እሱ ጥሩ ነው» አሉ። እሷ የጠየቀችው የሶሻል ሴኩሪቲውን ነበር። ጡረታ ለማግኘት 40 ክሬዲት ያስፈልጋል፤ በዓመት ከአራት በላይ ስለማይቆጠር ቢያንስ የአሥር ዓመት ሥራ ነው። በ2025 አራቱን ለመሙላት 7,240 ዶላር የተጣራ ገቢ ማሳወቅ ይበቃ ነበር። የሜዲኬር ሆስፒታል ክፍልም ያለ ወርሃዊ ክፍያ የሚገኘው በዚያው በ40ው፣ ወይም በትዳር ጓደኛ ክሬዲት ነው። በአርባዎቹና በሃምሳዎቹ ዕድሜ አገር ለቅቆ ለመጣ ሰው እያንዳንዱ ዓመት ውድ ነው። ቤት መግዛት የሚያስብ ወጣትም ይህን ቢያውቅ ይጠቅመዋል፤ አበዳሪ ብዙ ጊዜ የሁለት ዓመት ታክስ ሪተርን አይቶ ነው የሚወስነው፣ ወረቀቱ ላይ ድሃ ሆኖ ለቀረበ ሰው ደግሞ የሚሰጠው ብድር እንደ ወረቀቱ ነው።

ከታክሱ የተረፈ ካለ ሮዝ አይአርኤ የሚባለው የጡረታ ቁጠባ ለኛ ዓይነቱ ይስማማል። በ2025 ከ50 ዓመት በታች ላለ ሰው የዓመቱ ጣሪያ 7,000 ዶላር ነበር፤ ያስገባነውን ዋናውን ገንዘብ፣ ትርፉን ሳይጨምር፣ ሲቸግር ያለ ቅጣት ማውጣት ይቻላል።

ሕጉ የማይሰጠን ፈቃድ

ከ2024 ጀምሮ የሚኒሶታ ሠራተኛ የሕመም ቀን በሕግ ተሰጥቶታል፤ ኮንትራክተርን አይጨምርም። በጃንዋሪ 2026 የጀመረው የወሊድና የሕክምና ፈቃድም ለኛ በራሱ አይደርስም፤ ፈልጎና መዋጮ ከፍሎ ለሚገባ ሰው ግን በሩ ክፍት ነው። ልጅ ለመውለድ ያሰቡ ባልና ሚስት ይህን ቀደም ብለው ቢያጣሩት ይሻላል። የጤና መድን ምዝገባም ወቅት አለው፤ የስቴቱ የመድን ገበያ የኤምኤንሹር የ2025 ምዝገባ ከኖቬምበር 1 እስከ ጃንዋሪ 15 ነበር። ልብ በሉ፣ ጃንዋሪ 15 እንደገና መጣች።

አገር ቤት የሚኬደው በጃንዋሪ ነው

የበዓሉ ግርግር ሲያልፍ እዚህ ሥራ ይቀዘቅዛል፤ መንገዱ በረዶ፣ በረዶ ማቅለጫው ጨው የመኪናውን ሆድ የሚበላበት ወቅት ነው። እዚያ ደግሞ ጥምቀት፣ ፀሐይ፣ የደረቀ መንገድ። የዲሴምበር ዕጣ የምለምነው ለዚህ ነው። የጉዞው ዋጋ ትኬቱ ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ሲመለስ ይደነግጣል። ሳይሠራ የሚከፍለው ኪራይ፣ የመኪናው ክፍያና ኢንሹራንስ አለ፤ እዚያ ደግሞ እጁን የሚያይ ዘመድ አለ። እነዚህን ደምሬ በአሥራ ሁለት አካፍዬ በየወሩ አስቀምጣለሁ። የገና ሰሞን ትኬት ስለሚወደድ ገና ካለፈ በኋላ በቺካጎ በኩል እሄዳለሁ። የጃንዋሪ 15ቱን ታክስ ከመሄዴ በፊት በኢንተርኔት ከፍዬ እጨርሳለሁ።

የሚቀረው መኪናው ነው። በዚያ ብርድ ሳይነሳ የከረመ ባትሪ ይሞታል፤ በረዶ ለመጥረግ ስኖው ኢመርጀንሲ ሲታወጅም መንገድ ዳር በስህተት የቆመ መኪና ተጎትቶ ይወሰዳል፣ ለማስለቀቅ ይከፈላል። ቁልፉን የሚያነሳሳው ሰው ጋ ትቶ መሄድ ነው። ውለታው በአንድ ኪሎ የይርጋጨፌ ቡና ይከፈላል፤ ሁለት ኪሎ ከጠየቀ ሌላ ሰው ይፈለጋል።