የመጨረሻው ተቀባይ

እኛ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ስለ እስትንፋስ ብዙ የምናውቅ ይመስለን ነበር፤ በግጥማችን ውስጥ ያላስገባንበት ጊዜ የለምና። ስለዚህ አምና በባዮሎጂ ኮርስ የኤሌክትሮን ዝውውር የሚባለው ትምህርት ሲሰጥ፣ ከኋላ ወንበር ተቀምጠን ስንኝ እንቋጥር ነበር።

የፈተናው ዋዜማ ዝናባም የሰኔ ሌሊት ነበረ። ሦስት ሆነን በተከራየናት ክፍል ከሰሉን ከነምድጃው አስገብተን፣ በሩን ዘግተን ማጥናት ጀመርን። ብዙም ሳንቆይ ራሳችንን ይፈልጠን ጀመር፤ ከመካከላችን አንዱ ከወንበሩ ተንሸራቶ ወደቀ። እየተንገዳገድን በሩን ከፍተን ጎትተን አወጣነው። ሐኪም ቤት ኦክስጅን ተሰጥቶት፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዳነ። ፈተናው ግን አመለጠን።

ጓደኛችን ሲሻለው፣ «አየር እየሳብሁ እንዴት ታፈንሁ?» ብሎ ጠየቀን። መልስ ብናጣ ያንኑ የናቅነውን ደብተር ገለጥን።

የበላነው ምግብ በሴላችን ውስጥ ሲፈርስ ኤሌክትሮኖቹን ኤንኤዲኤች ለሚባል ተሸካሚ ያስረክባል። ኤሌክትሮን የመቀበል ዝንባሌ በቮልት ይለካል። በመደበኛ ሁኔታ የኤንኤዲኤች ከዜሮ በታች 0.32፣ የኦክስጅን ከዜሮ በላይ 0.82 ነው፤ በመካከላቸው የ1.14 ቮልት ቁልቁለት አለ። ኤሌክትሮኑ ይህን ባንድ ጊዜ ቢወርድ ጉልበቱ ሙቀት ሆኖ በባከነ ነበር። ነገር ግን ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ በደረጃ ይወርዳል። በየደረጃው የሚገኘው ጉልበት ፕሮቶኖችን በግድብ እንደ ታገደ ውሃ ያከማቻል፤ እነርሱም ሲመለሱ አንድ ኢንዛይም እንደ ውሃ ወፍጮ ያሽከረክራሉ፤ የሴሉ ስንቅ የሆነው ኤቲፒም ይሠራል። ይህን የግድብ ሐሳብ እንግሊዛዊው ፒተር ሚቸል እ.ኤ.አ. በ1961 ሲያቀርብ ብዙዎች አልተቀበሉትም፤ በ1978 ግን የኖቤል ሽልማት አገኘበት።

ኦክስጅን እንግዲህ የመጨረሻው ተቀባይ ነው፤ ኤሌክትሮኖቹን ከፕሮቶን ጋር ተቀብሎ ውሃ ይሆናል። የከሰሉ ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን በደም ውስጥ የኦክስጅንን ስፍራ ይቀማል፤ በሰንሰለቱ ጫፍ ያለውን ኢንዛይም እንኳ ሊይዝ ይችላል። ተቀባይ ሲጠፋ የመጨረሻው ሰጪ እጁ እንደ ሞላ ይቀራል፤ ከኋላው ያሉትም እንዲሁ፤ ወፍጮውም ይቆማል።

ጓደኛችን ጥቂት ዝም ብሎ፣ «አየሩ ደረቴ ገብቷል፤ ተቀባዩ ግን ሴሌ ደጃፍ አልደረሰም ማለት ነው» አለ።

ወንድሞችና እኅቶች፣ ከሰል ፍም ሆኖ ቢቀላም መርዙ አይለቀውምና ከደጅ ይደር። ብርዱ በጋቢ ይታለፋል።