«ቋ!» ያለው ማነው?

ከሐረር ወደ ጅግጅጋ ለሚመጣ ሰው የመኪናውን ዕድሜ የሚነግረው ሊብሬው ሳይሆን መንገዱ ነው። ባቢሌን አልፎ፣ የዳካታን ድንጋዮች እያየ፣ ካራማራን ወጥቶ እስኪወርድ ሁሉ ነገር ደህና ይመስላል። አስፋልት ነዋ! ከተማ ገብቶ ወደ ውስጥ ለውስጡ መንገድ ሲታጠፍ ነው ከፊት በኩል «ቋ!» የሚል ነገር የሚጀምረው።

ይህ የአሮጌ መኪና ባለቤቶች ጨዋታ ነው። ባለ አዲሶች ሻያችሁን ጠጡ፣ ወረፋችሁ አይቀርም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ላይ በረታ፣ በ2016 ደግሞ በኤሌክትሪክ የማይሠራ መኪና እንዳይገባ ተባለ። ስለዚህ ያለችንን ዲኤክስ ወይም ቪትዝ አባብለን መያዝ ነው።

ድምፁ ሲሰማ አጠገባችሁ የተቀመጠው ሁሉ ሐኪም ይሆናል። «ሾክ ነው!» ይላል ጎረቤት። «ሾክ ነው» ይላል ጎሚስታው። ሾኩ ይገዛል፣ ይቀየራል፣ ብሩም ይሄዳል። በማግስቱ ጠዋት፣ ቋ! የሾክ ሥራ ሞላው ሲዘል ማረጋጋት ነው። ሲደክም ዘይት ያንጠባጥባል፣ መኪናዋም ጉድጓድ ካለፈች በኋላ ቶሎ አትረጋም። እሱም አንዳንዴ ያንኳኳል፣ ግን ጩኸት በተሰማ ቁጥር የመጀመሪያው ተጠርጣሪ እሱ የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

እስቲ ጆሯችሁን ስጡ። በዝግታ ስትሄዱ ትንንሽ ጠጠር ላይ «ቀጭ ቀጭ» ካለ መጀመሪያ የስታብላይዘር ሊንኩንና ጎሚኒውን እዩ፤ ዋጋውም ከሾክ ያነሰ ነው። ቆማችሁ መሪ ስታዞሩ ሲጥ ሲጥ ካለ ወይም ሞላው ዘሎ እንደመጣ ዓይነት «ድንግ» ካለ ከሾኩ አናት ላይ ያለውን ኩሽኔታ ጠርጥሩ። ቪትዝን በመሳሰሉ የፊት ጎማቸው በሚነዳ መኪኖች መሪ ጠምዝዛችሁ ነዳጅ ስትረግጡ «ቀቀቀቀ» የሚለው ደግሞ ሲቪ ጆይንት ነው፤ የኋላ ጎማዋ የሚነዳው የድሮዋ ዲኤክስ ከዚህ ነፃ ናት። ፍሬን ስትይዙ ወይም ትልቅ ጉድጓድ ስትገቡ ወፍራም «ድም» ከሰማችሁ ግን የታችኛው አርም ጎሚኒ ወይም ቦል ጆይንቱ ነውና ቀልድ የለም።

ጆሮ ጠቆመ እንጂ አልፈረደም። ፍርዱ ከክሪኩ ነው። ፊቷን አንሱ፣ ከስሯ ጠንካራ ድጋፍ አድርጉ፤ በክሪክ ብቻ የተንጠለጠለች መኪና ስር ማንም እንዳይገባ። ጎማውን ግራና ቀኝ ይዛችሁ ነቅንቁት፤ ከላላ ቴስቲናውን እዩ። ከላይና ከታች ይዛችሁ ነቅንቁት፤ ከላላ የጎማው ኩሽኔታ ወይም ቦል ጆይንቱ ነው። ከዚያ ከጎማው ስር ብረት ከታችሁ ወደ ላይ ደገፍ ስታደርጉ ሌላ ሰው ቦል ጆይንቱን ይመልከት። ይህ ሁሉ ሻይ እስኪቀርብ ያልቃል፣ ግን ሳይደረግ ዕቃ የሚያስገዛ መካኒክ ሞልቷል።

የጅግጅጋ መንገድ ሌላም መልክ አለው። በቶጎ ውጫሌ በኩል የሚመጡት የሶማሌላንድ መኪኖች ብዙዎቹ መሪያቸው በቀኝ ነው፣ የሚነዱት ግን እንደኛው በቀኝ መስመር። የአስፋልቱ ጠርዝ የሚመታው ደግሞ የቀኙን ጎማ ነው። የኛ ሹፌር በግራ ተቀምጦ የሩቁን ጩኸት በከፊል ይሰማል፤ እነሱ ከተመቺው ጎማ አናት ላይ ተቀምጠዋል። ጉዳቱን ቶሎ የሚያውቁት እነሱ ይመስሉኛል። ለእነሱ መኪና የተሠራ ዕቃ ስትገዙ ሾክና ጎሚኒው ብዙ ጊዜ አያጣላም፣ የመሪ ራክ ግን የቀኝና የግራ ይለያል።

አንድ ነገር ደግሞ መካኒኩን አደራ በሉት። የአርሙ ጎሚኒ ሲቀየር ቡሎኑ መጨረሻ የሚጠብቀው መኪናዋ ወርዳ በጎማዋ ከቆመች በኋላ ነው። ተንጠልጥላ ሳለች ከጠበቀ፣ ወርዳ ስትቆም ጎሚኒው እንደተጠመዘዘ ይቀራል፣ ቶሎም ይቀደዳል። «ዕቃው ፎርጅድ ነበር» የሚባለው ብዙ ጊዜ ከዚህ በኋላ ነው። ሞላ ያለበትን ሾክ ደግሞ የሞላ መጭመቂያ በሌለበት አናቱን ማስፈታት ሕይወት ነው የሚያስከፍለው። ቴስቲና ወይም ሾክ ከተነካም አላይመንት ሳይሠራ አትሂዱ፤ ጎማችሁን በአንድ ጎን ይበላዋል።

ለመሆኑ ጩኸት እያለ መንዳት ይቻላል? የስታብላይዘር ሊንክ ከሆነ ደመወዝ እስኪደርስ ይታገሳል። ቦል ጆይንት ግን እንደ ዳሌ አንጓ ነው፤ ከወለቀ ጎማው ከስር ይታጠፋል። ስለዚህ እሱ ከላላ ጫቱም መንገደኛውም ይቆይ፣ መኪናዋ ከቆመችበት አትነቃነቅ።