ሁለት ጊዜ የቀለጠው ሽፋን

በመኝታ ቤትም ሆነ በምግብ አዳራሽ «የመመረቂያ ጥናትህ ስለ ምንድን ነው?» ተብዬ ስጠየቅ «ስለ ስብ መቅለጥ ነው» ብዬ እመልሳለሁ። ጠያቂዬም አብዛኛውን ጊዜ ይሥቅና «ለዚህማ እናቴም ትበቃለች» ይለኛል። አነጋገሩ ከእውነት የራቀ አይደለም። በአዲስ አበባ የጧት ብርድ ቅቤ ሲረጋ የኑግ ዘይት ሳይረጋ እንደሚያድር እናቶቻችን ከእኛ አስቀድመው ያውቃሉ። ምክንያቱ ያለው በሞለኪዩሎቹ ጅራት ላይ ነው። የቅቤው ጅራት አብዛኛው ቀጥ ያለ ስለ ሆነ እንደ ተደረደረ እንጨት ይጠጋጋል፤ የዘይቱ ግን ጎበጥ ያለ ስለ ሆነ መጠጋጋት አይመቸውም።

ሕይወት ያለው ሁሉ በዚሁ ጉዳይ ላይ የቆመ መሆኑን ግን ብዙ ሰው አያስተውለውም። ሕዋስ የሚሸፈነው ሊፒድ በሚባሉ የስብ ሞለኪዩሎች ነው። እነዚህም ጅራታቸውን ወደ ውስጥ፥ ራሳቸውን ወደ ውኃው አድርገው በሁለት ረድፍ ይሰለፋሉ። የሁለቱ ረድፍ ውፍረት አምስት ናኖሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ይኸውም ከራስ ጠጉር ውፍረት ከአሥር ሺህ እጅ አንድ እጅ አይሞላም። ሽፋኑ ቢረጋ በውስጡ ያሉት ፕሮቲኖች መንቀሳቀስ ይሳናቸዋል፤ ከመጠን በላይ ቢላላ ደግሞ ማገድ የሚገባውን አያግድም። ኢ ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ በብርድ ሲያድግ ጎባጣ ጅራቶችን አብዝቶ እየሠራ የሽፋኑን ልስላሴ እንደሚጠብቅ እ.ኤ.አ. በ1974 ተገልጧል።

እኔ የማጠናው ሊፒድ ዲ.ፒ.ፒ.ሲ. ይባላል። እያንዳንዱ ጅራቱ 16 ካርቦን ሲኖረው፥ በውኃ ውስጥ ሲንሳፈፍ በ41 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል። ከጅራቱ ሁለት ካርቦን ብቻ ቢቀነስ መቅለጫው ወደ 24 ዲግሪ ይወርዳል።

ይህን ለማየት ማይካ የተባለውን ድንጋይ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ልጬ፥ በንጹሑ ገጽ ላይ የሊፒድ ጥቃቅን አረፋ ያለበትን ውኃ አንጠባጥባለሁ። አረፋው እየፈነዳ በድንጋዩ ላይ ይነጠፋል። ከዚያ በኋላ የማየው ቢኒግ፥ ክዌትና ገርበር እ.ኤ.አ. በ1986 ባስተዋወቁት የአቶም ኃይል ማይክሮስኮፕ ነው። ይህ መሣሪያ የሚያየው በብርሃን ሳይሆን እንደ ዐይነ ስውር በመዳሰስ ነው፤ እጅግ የሾለ መርፌ ገጹን እየዳበሰ ከፍታና ዝቅታውን ይመዘግባል። ሊፒዱ ሲቀልጥ ጅራቶቹ ስለሚጨማደዱ ሽፋኑ ይሳሳል፤ በሥዕሉም ላይ ዝቅ ያሉ ጥቋቁር ቦታዎች ብቅ ብለው እየሰፉ ይሄዳሉ።

እንግዲህ ችግሩ የተነሣው እዚህ ላይ ነው። መጽሐፉ አንድ የመቅለጫ ዲግሪ ሲሰጥ የእኔ ሽፋን ሁለት ጊዜ ቀለጠ። መጀመሪያ በ41 ዲግሪ አካባቢ ጥቂት ዝቅ አለ፤ ቀጥሎም ጥቂት ዲግሪ ከፍ ብሎ ዳግመኛ ወረደ። የቤተ ሙከራ ጓደኛዬ በቅንነት «መጽሐፉ አንድ ካለ አንድ አድርገህ ሣለው፤ በፈተና ቀን ራስህ ላይ ጥያቄ አትጥራ» ሲል መከረኝ። እኔ ግን በግማሽ በግማሽ ዲግሪ እያሞቅሁ፥ በየመካከሉም እየጠበቅሁ ሥራውን ሦስት ጊዜ ደገምሁት። ሦስቱንም ጊዜ ሁለት ሆኖ ተገኘ።

ሌሎች ተመራማሪዎችም ይህንኑ አይተዋል። ማይካው ከጎኑ ያለውን ረድፍ ስለሚይዘው ወደ ውኃው የሚመለከተው ረድፍ ቀድሞ ይቀልጣል፤ የተያዘው ይዘገያል። በውኃው ውስጥ ያለው የጨው መጠንና ሽፋኑ የተነጠፈበት ሙቀት መለያየቱን ሊያጎሉት ወይም ሊያጠፉት ይችላሉ። እንዲህ ከሆነ መጽሐፉም አልዋሸም፥ መርፌውም አልዋሸም። መጽሐፉ የተናገረው ስለ ተንሳፋፊው ሽፋን ነው፤ እኔ ያየሁት ድንጋይ የያዘውን ነው። ድንጋይ ካልያዘው ደግሞ መርፌው ሊዳብሰው አይችልም። ለማየት ያስቻለኝ ነገር ራሱ የሚታየውን ነገር ለወጠው ማለት ነው።

ስለዚህ በማይካ ላይ ያየሁትን እንዳለ ወስጄ «ሕዋስ እንዲህ ነው» ለማለት አልደፍርም። ይሁን እንጂ የሕያው ሕዋስ ሽፋንም ከውስጥ በኩል በፕሮቲን ክሮች የተያዘ ነው እንጂ ልቅ አይደለም። መያዝ ምን እንደሚያደርግ ማወቅ ከንቱ ድካም አይመስለኝም።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ከአንደኛ ደረጃ ጀምረን የለመድነው መጽሐፉ ያለውን መልሶ ማለት ነው፤ ማርክም የሚገኘው በዚሁ ነው። በዚህ የተነሣ ዐይናችን ያየው ከመጽሐፉ ሲለይ የምንጠራጠረው ዐይናችንን ብቻ ነው። ሦስተኛ መንገድ መኖሩን፥ ይኸውም ሁለቱ የተናገሩት ስለ አንድ ነገር መሆኑንና አለመሆኑን መጠየቅ እንደሚቻል የሚያስተምረን ጥቂት ነው።

ጥናቴን በመምህራን ፊት የማቀርበው በሚመጣው ወር ነው። ሥዕሉ ከነሁለት ደረጃው ተጠርዟል፤ ከሥሩም ሽፋኑ በምን ላይ እንደ ተነጠፈ፥ በምን ያህል ጨውና በስንት ዲግሪ እንደ ተሠራ ጽፌበታለሁ።