ጉልበቴን ላስቀይር ወይስ ኳሴን ልቀጥል?

58 ዓመቴ ነው። ሽማግሌ ነህ ካላችሁኝ ግን እንጣላለን! መልካሳ ውስጥ እሁድ እሁድ ከጤና ቡድናችን ጋር ኳስ ካልተጫወትኩ ሳምንቱ አይገፋልኝም። አምና ግን ቀኝ ጉልበቴ እምቢ አለ። ሽንት ቤት ቁጢጥ እንዳልኩ መነሳት አቅቶኝ ባለቤቴን የተጣራሁ ዕለት... እሱስ ይቅር።

መጀመሪያ ወጌሻ አሸኝ። ቀጥሎ ሶደሬ ወርጄ ፍል ውሃ ውስጥ ተዘፈዘፍኩ። ሙቀቱ ሕመሙን ያስታግሳል፤ ያለቀ ልም አጥንት ግን አይመልስም። ከዚያ አንድ ሐኪም «በትንሽ ቀዳዳ ገብተን ውስጡን እናጥብልዎትና በወሩ ይጫወታሉ» ሲለኝ ብር መቁጠር ጀመርኩ። ነርስ የሆነችው የእህቴ ልጅ ናት «ጋሼ፣ ትንሽ ይታገሱ» ያለችኝ። እ.ኤ.አ. በ2002 አሜሪካ ውስጥ በ180 ሕመምተኞች ላይ በወጣ ጥናት፣ ጉልበታቸው የታጠበላቸውና ቆዳቸው ብቻ ተቀዶ የተሰፋላቸው ሰዎች የሕመማቸው ነገር እኩል ሆኖ ተገኝቷል። ጉድ አትሉም?

አዲስ አበባ የሄድኩበት የአጥንት ሐኪም ራጁን አይቶ «ጉልበትዎን ለምን ይፈልጉታል?» አለኝ። ጥያቄው ገረመኝ። ለካ ሁሉም ነገር እዚያ ላይ ነው። ጉዳቱ ባንድ ወገን ብቻ ቢሆንና ዕድሜዬ ቢያንስ ኖሮ፣ ቅልጥሙን ቆርጦ በማቃናት ክብደቴን ወደ ደኅናው ጎን ማዛወር ይቻል ነበር። እንደዚያ ከሆነ ሩጫም አይቀርም። የኔ ግን ዙሪያውን አልቋል። የቀረኝ ሙሉውን በብረትና በፕላስቲክ ማስቀየር ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት ከ100 የተቀየሩ ጉልበቶች 82 ያህሉ 25 ዓመት እንደሚያገለግሉ ገምቷል። መራመድ፣ መዋኘት፣ ብስክሌት ይፈቀዳል። ኳስ ግን አይመከርም፤ ቁጢጥ ማለትም ያስቸግራል።

ኃይሌ ገብረሥላሴ እ.ኤ.አ. በ2010 በኒውዮርክ ማራቶን ጉልበቱን አሞት አቋርጦ ሩጫ አቆምኩ ብሎ፣ በቀናት ውስጥ ሐሳቡን ቀይሮ ነበር። በሱ ስጽናና ሐኪሙ ሳቀ። የሱ ጅማቱ ተቆጥቶ ውሃ ቋጥሮበት እንጂ ልም አጥንቱ አልቆ አይደለም።

ለማስቀየር ወሰንኩ። እስከዚያው የታፋዬን ጡንቻ አጠነክራለሁ፣ ኪሎም እቀንሳለሁ። ባለፈው እሁድ ጓደኞቼ ኳስ ይዘው በር አንኳኩ። ባለቤቴን «መንገድ ሄዷል በያቸው» ብላት፦

«እኔ አልዋሽልህም። ውጣና ራስህ ንገራቸው» አለችኝ።