ትርፉን መልስልኝ የሚለው ገዢ



አንድ ሰው በኢንተርኔት ተጭበረበረ ሲባል ሰፈርተኛው ፍርዱን ቶሎ ይሰጣል፤ «ስግብግብነቱ ነው የበላው» ይባላል። አንዳንዴ እውነት ነው። ብርህ በሃያ ቀን እጥፍ ይሆናል ተብሎ የሰጠ ሰው ምን ፈልጎ እንደሰጠ ይታወቃል። ዛሬ የምንጽፍላችሁ ማታለያ ግን ስግብግቡን ትቶ አማና ጠባቂውን የሚያጠምድ ነው። የሚፈለገው የሰው ገንዘብ እጁ ገብቶ እንቅልፍ የሚነሳው ሰው ነው። ትርፍ ገንዘብ መጥቶለት ዝም ብሎ የሚያስቀር ሰውማ እንዲያውም በዚህ ወጥመድ አይያዝም። ሱብሃነላህ፣ ነገሩ እንዲህ የተገለበጠ ነው።

ነገሩን በቅርብ ያየነው እዚሁ ደጋን ባለ አንድ ወንድማችን ላይ ነው። አብሮን የቀራ ደረሳ ነበር። እኛ ሉህ ላይ ፊደል ለመለየት ስንታገል እሱ የአሊፍን ቁመት በቀለሙ ነጥብ ይለካ ነበር። ኸጡን ሳይተው አደገ። አሁን ሸራ ላይ የቁርኣን አንቀጽ ይጽፋል፤ አንዱን ለመጨረስ አሥር ቀን የሚፈጅበት ጊዜ አለ። ከደሴና ከኮምቦልቻ አዲስ ቤት የሚገቡ ሰዎች ያዙታል። ሥራዎቹን ፎቶ አንስቶ ፌስቡክና ኢንስታግራም ላይ መለጠፍ ከጀመረ በኋላ ደግሞ ከውጭ «ማሻአላህ» የሚሉት በዙ።

ከዕለታት አንድ ቀን በኢሜይል ደብዳቤ መጣለት፤ ደብዳቤው በዐረብኛ ነው። ወደ እኛ ይዞት የመጣው ግን ሦስተኛው ደብዳቤ ሲደርሰው ነበር። አንዲት ቃል አልገባ ብላው ትርጉሟን ሊጠይቀን ነው። ቃሏ «የጉምሩክ ማስለቀቂያ» ማለት ነበረች። የቀሩትንም አሳየን አልነው።

የመጀመሪያው ደብዳቤ በሰላምታ ይጀምራል። ከዚያ «ባለቤቴ በኮምፒውተሯ ሥራዎችህን ስትመለከት አየኋት፣ የጋብቻችን መታሰቢያ ቀን ደርሷል፣ ሳታውቅ ገዝቼ ላስደስታት እፈልጋለሁ፣ ዋጋውን ንገረኝ» ይላል። ከዚያም ቤት እየቀየሩ በመሆኑ ዕቃውን ራሱ እንደማይረከብና አመላላሽ ወኪሉ መጥቶ እንደሚወስደው ይገልጻል። ይህንኑ ደብዳቤ፣ ባለቤቲቱንም ወኪሉንም ጨምሮ፣ በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉ ሠዓሊዎች ለዓመታት በእንግሊዝኛ ሲቀበሉት ኖረዋል። የሚቀየረው የላኪው ስም ብቻ ነው። የእኛ ወንድም የደረሰው በማሽን ወደ ዐረብኛ የተገለበጠው ነው።

በማሽን መገልበጡን በምን አወቅን? ዐረብኛ ለወንድና ለሴት አነጋገሩ ይለያያል። ሰውየው ወንድማችንን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንደ ሴት ነው የሚያናግረው። ይህንን እንተወው፤ ዐረብኛ የማይችል ሙስሊም ሞልቷል። ያልተውነው ሌላውን ነው። ወንድማችን ከለጠፋቸው ሸራዎች አንዱ አያተል ኩርሲይ፣ ሌላው ሱረቱል ኢኽላስ ነበር። ገዢው «ሁለቱን ውብ ስዕሎች» ይላል እንጂ የትኛው አንቀጽ እንደሆነ አይጠይቅም፤ መጠኑን አይጠይቅም፤ ዋጋው ተነግሮት አንድ ዶላር ቀንስልኝ አላለም። ሰኞ ባቲ ገበያ ፍየል የሚገዛ ሰው ጥርሷን ሳያይ፣ ወገቧን ሳይጨብጥ፣ በዋጋው ሳይከራከር ብር ቢቆጥርላችሁ ምን ትላላችሁ? ብሩን ወደ ብርሃን አንስታችሁ ታዩታላችሁ።

ሁለተኛው ደብዳቤ የክፍያ ማስታወቂያ ነው። ዋጋው 300 ዶላር ነበር፤ የተከፈለው 480 ነው ይላል። ትርፉ 180 ዶላር የአመላላሹ ድርሻ ነው፣ አመላላሹ ካርድ ስለማይቀበል አንተ አስተላልፍልኝ፤ የማስተላለፊያው ቁጥር ሲመዘገብ 480ው በሙሉ ይለቀቅልሃል። የታወቀ የክፍያ ድርጅት አርማ ከላይ ተለጥፎበታል። አርማ ደግሞ ማንም ገልብጦ ይለጥፋል።

ወንድማችን «የሰው ገንዘብ እኔ ዘንድ አይደር» አለ። በእጁ ስላልነበረው ጂዳ ሰው ቤት ተቀጥራ ለምትሠራው እህቱ ደወለ። እሷም ከደመወዟ ከማስተላለፊያው ጋር ወደ 700 ሪያል በተሰጣት ስም ላከች። በሳምንቱ ሦስተኛው ደብዳቤ ለጉምሩክ ተጨማሪ ጠየቀ። እኛ ዘንድ የመጣው እሱን ሊልክ ሲል ነው። ሁለተኛው ክፍያ አልሐምዱሊላህ ቀረ፤ የመጀመሪያው ግን ሄዷል።

ባንክ ቼክ በሚሠራባቸው አገሮች ይኸው ተንኮል ሌላ መልክ አለው። አሜሪካ ውስጥ ሕጉ ባንኮች የገባውን ቼክ ገንዘብ በጥቂት ቀናት ውስጥ ለደንበኛው እንዲለቁ ያስገድዳል። ቼኩ ሐሰተኛ መሆኑ የሚታወቀው ግን ከሳምንታት በኋላ ሊሆን ይችላል። በመሃል ሠዓሊው ሒሳቡን ከፍቶ ሲያይ ብሩ ገብቷል፤ በታማኝነት ትርፉን ለ«ወኪሉ» ይልካል። ቼኩ ሲወድቅ ባንኩ ሙሉውን ከሠዓሊው ላይ መልሶ ይወስዳል። የተላከው የሠዓሊው እውነተኛ ገንዘብ ነበር፤ የመጣው ግን ወረቀት ነው። ከ2021 ወዲህ ደግሞ፣ አንድ ዲጂታል ስዕል በጨረታ ወደ 69 ሚሊዮን ዶላር ከተሸጠ በኋላ፣ «ስዕልህን በኤንኤፍቲ እገዛሃለሁ» የሚሉ መጡ። በሚልኩት ድረ ገጽ ላይ ብዙ ዶላር ተቆልሎልህ ታያለህ፤ ለማውጣት ግን አስቀድመህ ክፈል ትባላለህ።

ስዕል ስለማልሸጥ አይመለከተኝም የምትሉ ቆዩን። ኮምቦልቻ ላይ በቴሌግራም ጅልባብና ሽቶ የምትሸጥ እህት የምታውቁ ከሆነ ጠይቋት። 1,500 ብር መክፈል የነበረበት ሰው የ15,000 ብር መልእክት ያስደርሳታል፤ ወዲያው ደውሎ «እህቴ ዜሮ ተጨምሮብኝ ነው፣ እናቴ ሆስፒታል ናት፣ በአላህ ይሁንብሽ ትርፉን መልሺልኝ» ይላታል። መልእክቱን የጻፈው ራሱ ነው። ከአመላላሹ ወኪል ጋር አንድ ዓይነት ተንኮል ነው፤ ልብሱን ቀይሮ አማርኛ ተማረ እንጂ። እዚህ ላይ መፍትሔው ቀላል ነው። መልእክቱንም የተላከውን የስክሪን ፎቶም ትታችሁ ራሳችሁ *127# ወይም *889# ደውላችሁ፣ ወይም መተግበሪያውን ከፍታችሁ ቀሪ ሒሳባችሁን እዩ። እውነት ተሳስቶ ከሆነም ባንኩ በራሱ መንገድ ይመልስለት፤ እናንተ ከኪሳችሁ አትላኩ። ይህ አማናን መካድ አይደለም። ያልተረከባችሁት ነገር አማና ሊሆንባችሁ አይችልም።

መረከብ ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። በፊቅህ ኪታቦች የመገበያየት ምዕራፍ ውስጥ ቀብድ የሚባለው ዕቃውን ወይም ገንዘቡን በእጅ ማድረግ ነው። በእኛ ገበያ ቀብድ ስንል ቅድሚያ የምንሰጣትን ትንሽ ብር ነው፤ ቃሉ አንድ ሆኖ ነገሩ ለየቅል ነው። ዑለማዎቹ ገና ያልተረከቡትን መሸጥ ላይ ለምን እንደዚያ እንደሚጠነቀቁ ደረሳ ሳለን ብዙም አይገባንም ነበር። ስልክ ላይ የሚታይ ቁጥር መረከብ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ግን መጋቢት 6 ቀን 2016 ሌሊት አገሩ ሁሉ አይቶታል። የረመዳን የመጀመሪያ ሳምንት ነበር። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተበላሽቶ ሰዎች፣ በተለይ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ሒሳባቸው ውስጥ የሌለ ገንዘብ አወጡ። ባንኩ ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ መሆኑን ገለጸ። ብዙዎቹ መለሱ፤ ያልመለሱትን ባንኩ በስምና በፎቶ አወጣቸው። ማሽኑ ብር ስለሰጠ ብሩ የሰውየው አልሆነም።

ወደ ወንድማችን እንመለስ። ያስጨነቀው የሌባው ነገር አልነበረም። «ኡስታዝ፣ የእህቴ 700 ሪያል በእኔ ላይ ዕዳ ነው ወይስ ሁለታችንም ላይ የወረደ ሙሲባ ነው?» ብሎ ጠየቀን። እኛ ለመመለስ ስላልደፈርን ወደ ሸኻችን ወሰድነው። ሸኻችን መጀመሪያ የጠየቁት «ስትደውልላት ምን አልካት?» ብለው ነው። «አበድሪኝ፣ ብሩ ሲለቀቅ እመልስልሻለሁ» ማለቱን ሲነግራቸው «እንግዲያ ዕዳ ነው» አሉት። «ሌባው ለአንተ ባለዕዳ ነው፣ አንተ ለእሷ። ዐፍው ማለት የእሷ ሐቅ ነው፤ አንተ ግን ዐፍው በይኝ ብለህ አትጠይቃት። ሰው ቤት ላቧን ያፈሰሰችበት ነው።» ከባድ መስሎን ነበር። ወጥተን ስንሄድ ግን ልጁ ፊቱ ቀለል ብሎት አየነው። ተላላ ሲባል ከርሞ ባለዕዳ መባሉ ሳይሻለው አልቀረም።

ሕጉም አለ፤ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በሐሰተኛ መረጃ ሰውን ማታለልን ያስቀጣል። ላኪው የት አገር እንዳለ በማይታወቅበት ግን ፖሊስ ሊደርስበት ይከብደዋል። ገንዘቡ በአገር ውስጥ ባንክ የተላለፈ ከሆነ በዚያው ሰዓት ወደ ባንኩ መሮጥ ያዋጣል፤ ከተቀባዩ ሒሳብ ሳይወጣ ከተደረሰበት የሚታገድበት ዕድል አለ። ማታ አውቃችሁ ጠዋት እሄዳለሁ ብላችሁ አትደሩ።

ወንድማችን ሥራውን አላቆመም። አሁን ከሩቅ የሚጽፍለትን ገዢ ዋጋ ከመንገሩ በፊት «ከሸራዎቹ የትኛውን አንቀጽ ነው የፈለጉት?» ይለዋል። እስካሁን ሁለት ሰዎች መልስ ሳይሰጡ ጠፍተዋል። አንዲት ሴት ግን የአንቀጹን ቁጥር ጠቅሳ፣ ስፋቱን ጠይቃ፣ ለረጅም ጊዜ በዋጋው ተከራክራ ገዛችው። ለእህቱ 450 ሪያል ያህል መልሷል።